ቆይ፣ ይቺን ረድፍ ልጨርስ

ትንንሽ ልጆች እያሳደገች ሹራብ የምትሠራ ሴት ከአፏ የማይጠፋ ነገር ቢኖር «ቆይ፣ ይቺን ረድፍ ልጨርስ» የሚለው ነው። ለልጆቿ ትላለች፣ ለባለቤቷ ትላለች፣ በር ለሚያንኳኳው ትላለች፣ ስልክ ለሚደውለው ትላለች። የሚሰማት ግን የለም። ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ቢላዋውን እስክታስቀምጥ ይጠብቋታል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ ላይ ያለው እስኪወጣ ይታገሷታል። ክርና መርፌ የያዘች ሴት ግን እጇ ባዶ ነው ተብሎ ይታሰባል። «ቁጭ ካልሽ አይቀር ልጁን ያዢው።» «ቁጭ ካልሽ አይቀር ይቺን ምስር ልቀሚልኝ።» «ቁጭ ካልሽ አይቀር የት እንዳስቀመጥኩት የጠፋኝን ቁልፍ አስቢልኝ።» እኔ ይኼ ነገር አንገፍግፎኛል። እንደኔ ያንገፈገፋችሁ ብዙ እንደሆናችሁም አውቃለሁ፤ በታክሲ ውስጥ፣ በቢሮ የምሳ ሰዓት፣ በልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ ስንገናኝ የምናወራው ይኼንኑ ነው።

ከውጭ ለሚያይ ቀላል ስለሚመስል ሥራው ምን እንደሆነ ልናገር። ሹራብ ከሁሉ በፊት ቆጠራ ነው። ለ4 ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ደረቱ ዙሪያውን 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሹራብ እንውሰድ። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክርና በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ሲሠራ በ10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላይ 20 ያህል ቀለበት፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላይ ደግሞ 28 ያህል ረድፍ ይገባል። ገላው ብቻ 120 ቀለበት በ98 ረድፍ ነው፤ ሲባዛ 11,760 ይመጣል። ሁለቱ እጅጌዎች ተጨምረው፣ የአንገቱ ቅድ ተቀንሶ፣ አንድ ትንሽ የልጅ ሹራብ ወደ 18 ሺህ ቀለበት ይፈጃል። እያንዳንዷ ቀለበት በጣት ተይዛ፣ በመርፌ ተስባ የምትወጣ ናት። ማሽን የለም፣ አቋራጭ የለም።

ሜዳውን ብቻ ሲሆን እጅ ራሱ ይለምደዋል፤ ወሬ እያወሩም ይሠራል። ደረቱ ላይ ቅጠል ወይም ጉንጉን ማውጣት ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ሦስት ሜዳውን፣ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ክሩን አዙሮ፣ አንድ ሜዳውን፣ እንደገና ክሩን አዙሮ፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ይኼ እስከ ረድፉ ጫፍ ይደጋገማል። አንዷ ከተሳተች ቅጠሉ ይጣመማል፤ መጣመሙ የሚታወቀው ደግሞ ወዲያው ሳይሆን ስድስት ሰባት ረድፍ ካለፈ በኋላ ነው። ታዲያ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት እያልኩ በሹክሹክታ ስቆጥር ትልቋ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጥታ «እማዬ፣ ሰባት ሲደመር ዘጠኝ ስንት ነው?» ትለኛለች። መልሱን ብነግራት የእኔ ቁጥር ይጠፋል፤ ዝም ብላት ደግሞ ጥያቄዋን ከፍ ባለ ድምፅ ትደግመዋለች። አሥራ ስድስት ካልኳት በኋላ መርፌው ላይ ያለው ሃያ አራተኛው ይሁን አሥራ ስድስተኛው አላውቀውም። ወደ ረድፉ መጀመሪያ ተመልሼ በጥፍሬ እየነካሁ እቆጥራለሁ። ሃያ ላይ ስደርስ «እማዬ፣ ዳይኖሰር ምላስ ነበረው?»

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። የ6 ዓመት ልጅ እናቷን ካልጠየቀች ማንን ትጠይቅ? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አባቷ አጠገቧ ተቀምጧል። እጁ ላይ ያለው ስልክ ነው። እሱን አልፋ፣ እግሩን ተራምዳ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ስልክ የያዘ አባት ሥራ ላይ ያለ መስሎ ይታያታል፤ መርፌ የያዘች እናት ግን ለእሷ የተቀመጠች ናት። ይኼን ከየት ተማረችው? ከእኛው ከትልልቆቹ ነው። ቤት ውስጥ የሚወጣው የሚገባው ሁሉ እንደዚያ ሲያደርግ ስላየች ነው።

ትንሹ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። እሱ አይጠይቅም፤ ይወስዳል። የክር ጥቅል ለእሱ ኳስ ነው፤ ያውም የሚከተለው ጭራ ያለው ኳስ። አንድ ጊዜ ከእጄ ካመለጠ በሶፋው ሥር ይገባል፣ በጠረጴዛው እግር ይዞራል፣ ከወጥ ቤት ደርሶ ይመለሳል። ሮጬ ስይዘው ክሩ ተጠላልፎ ውሉ ጠፍቷል። ውሉ የጠፋ ክር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጉልበት ቢጎትቱት ይብስበታል፤ እያንዳንዱ ጉትቻ አዲስ ቋጠሮ ያጠብቃል። ከመሃል ላላ እያደረጉ፣ ቀዳዳውን እያሰፉ፣ ጫፉን በዚህ አስገብቶ በዚያ እያወጡ በትዕግሥት መፍታት ብቻ ነው መፍትሔው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያገኘኋት ያቺ አንድ ሰዓት በዚህ ታልቃለች፤ አንዲት ቀለበት እንኳ ሳልጨምር።

ከዚህ የከፋው ደግሞ መርፌው ከሹራቡ ሲወጣ ነው። ከመርፌ የወጣች ቀለበት የያዛት ስለሌለ ወደ ታች ትወርዳለች፤ የታችኛዋን ትፈታለች፣ የታችኛዋ የሥሯን ትፈታለች። ሕፃን ልጅ ጫፉን ይዞ ሲስብ ደግሞ ረድፍ በረድፍ ይተረተራል። ልጁ ይስቃል፤ ክሩ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ያስቃል፣ እውነቱን ነው። እኔ ግን የሳምንቴ ማታዎች ወለል ላይ ሲከመሩ እያየሁ መሳቅ አልችልም። አንድ ነገር ግልጽ አድርጌ ልናገር፦ በቀን ውስጥ ከምሠራው ሁሉ ሠርቼው የሚቆይልኝ ይኼ ብቻ ነው። ያጠብኩት ሰሃን ለራት ይቆሽሻል። የጠረግኩት ወለል ልጆቹ ብስኩት ሲበሉ እንደነበረው ይሆናል። ያጠብኩት ልብስ ነገ ተመልሶ ይመጣል። የሠራሁት ረድፍ ግን ነገም እዚያው ይጠብቀኛል፤ ሰው ካልተረተረው በቀር። ለዚህ ነው ሲተረተር የማለቅሰው። «ለክር ትለቅሺያለሽ?» የሚሉኝ ሰዎች ይኼን አልተረዱም።

ስለ ልጆች ደኅንነትም ላንሳ፤ ምክንያቱም ብዙ እናቶች አይነገራቸውም። ክር ለሕፃን አደገኛ ነው። በአንገቱ ዙሪያ ሊጠመጠም ይችላል። በእጅ የተሠራ የአራስ ካልሲና ጓንቲ ውስጡ በደንብ ካልተቋጨ የተንጠለጠለው ቀጭን ክር የሕፃኑን ጣት ጠምጥሞ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። ሕፃኑ አይናገር፤ ያለቅሳል ብቻ፣ እኛም ርቦት ነው ብለን ጡት እንሰጠዋለን። ስለዚህ በስጦታ የመጣ ካልሲ ሁሉ ተገልብጦ ውስጡ መታየት አለበት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ልቅሶ ሲበዛ ደግሞ ካልሲው ወልቆ ጣቶቹ ይታዩ። መርፌው፣ መቀሱ፣ ኪሮሹም ልጅ በማይደርስበት መቀመጥ አለበት። እኔ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው የማስቀምጠው። ይኼም የራሱ ጣጣ አለው። ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠ ሥራ በትንሽ ትርፍ ጊዜ አይነሣም። ወጡ እስኪበስል ባለችው ሩብ ሰዓት ወንበር ስቤ፣ ወጥቼ፣ አውርጄ፣ የት እንዳቆምኩ እስካገኘው ድረስ ወጡ ደርሷል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ክረምቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ሹራብ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ እጅንም ሹራብ መሥራት የሚያምረው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔው ነው! ልጆቹ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ቤት ናቸው። ውጭው ጭቃና ዝናብ ስለሆነ መውጣት የለም። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ፤ ከሶፋ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሶፋ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያው የቀጭኔዋ የፀሐይ የልጆች ዝግጅት፣ መዝሙሩን ሳይቀር በቃሌ የማውቀው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይከፈታል። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ እሱም የለም። ለክረምት ብዬ የጀመርኩት ሹራብ የሚያልቀው በጥቅምት ነው። በጥቅምት ልጁ ቁመት ጨምሯል፤ እጅጌው ከእጁ አንጓ በላይ ይቀራል። ጨርሼ ሳለብሰው ያጠረበት ሹራብ ቁም ሣጥናችን ውስጥ አለ። ይኼ የደረሰባችሁ እናቶች ስንት ናችሁ?

«ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሥሪ» የሚል ምክር የሚሰጡኝ አሉ። እሠራለሁ፣ ሌላ ጊዜ የት አለኝ? ግን ማታ ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር በአንድ አምፖል ብርሃን አይታይም፤ ቀለበቷ ከቀለበቷ አትለይም። የትምህርት ቤቱ ሹራብ ቀለም ደግሞ ያው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። እናቴ ስታየኝ «ዐይንሽን ነው የምታጠፊው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግን ቀኑን ማን ሰጠኝ?

ወልጄ ቤት በነበርኩ ጊዜ የሰማሁት ደግሞ አይረሳኝም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ይኼን ሰው ሲሰማ «እንግዲህ ጊዜ አገኘሽ፣ ሹራብሽን ትሠሪያለሽ» ይላል። አራስ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አንዱ ማጥባት ከነማስገሳቱ፣ ከነመለወጡ፣ ከነማስተኛቱ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አስሉት እስኪ። ከዚያ የሚተርፈው የእንቅልፍ እንጂ የሹራብ ጊዜ አይደለም፤ ሹራብ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ የአራስ እናት አንዱ እጇ ዘወትር ልጅ ላይ ነው። በዚያው አዋጅ ለአባትየው የተሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ባለቤቴ በአራተኛው ቀን ቢሮ ገባ። እሱን አልወቅሰውም፤ ሕጉ እንዲህ ብሎ ከከፈለን ግን ቤት የቀረችዋን «ጊዜ ያላት» ማለት ይቅር።

እናቶቻችንስ እንዴት ሠሩት? ይኼን ጥያቄ አክስቶቼ ሁልጊዜ ያነሡታል፤ እኔን ለማሳፈር። እውነት ነው፣ ያደግንበት ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረም። የሶፋው ጀርባና ክንድ፣ የጠረጴዛው፣ የቴሌቪዥኑና የራዲዮው ልብስ፣ የረከቦቱ ስኒ መሸፈኛ፣ የአልጋው ልብስ ሳይቀር በኪሮሽ የተሠራ ነበር። እናቴ ፊደል በወጉ ያልቆጠሩ ጎረቤቶች የጎረቤት ዳንቴል አንዴ አይተው፣ ቀዳዳውን ቆጥረው፣ ቤታቸው ገብተው ያንኑ ያወጡ እንደነበር ትነግረኛለች። ለእኔ ይኼ ትልቅ እውቀት ነው፤ የሒሳብ እውቀት ነው። ግን ያን ጊዜ እኛ ልጆቹ የት ነበርን? ግቢ ውስጥ ነበርን። የአምስት ስድስት ቤት ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ ቆርኪና ሱዚ ስንጫወት እንውል ነበር። የወደቀውን ያነሣችው የማንም እናት ልትሆን ትችል ነበር፤ ያጠፋውን የቆነጠጠችውም እንዲሁ። ሴቶቹ ቡና አፍልተው ከአቦል እስከ በረካ ሲቀመጡ እጃቸው ላይ ኪሮሽ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ብድግ ብላ ልጆቹን ታያለች፣ የቀሩት ረድፋቸውን ይቀጥላሉ።

ዛሬ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቼን ብቻቸውን ወደ ታች ልልካቸው አልችልም፤ ታች የመኪና ማቆሚያ ነው። በረንዳው ልብስ ማስጫ ነው። ከፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤት ደግ ሴት ናት፣ ሰላምታችንም ጥሩ ነው፤ ግን እሷም ማታ ሁለት ሰዓት ነው ከሥራ የምትገባው። ልጆቼ ግቢ የላቸውም፣ እኔን ብቻ ነው ያላቸው። እናቴ በስድስት ሰው ዐይን ታሳድግ ነበር፣ እኔ በሁለት ዐይን አሳድጋለሁ፤ እነዚያው ሁለት ዐይኖች ናቸው ቀለበት የሚቆጥሩት። ስለዚህ «እኛ እንኳ ስንት ወልደን...» የሚለው ንግግር እንዲቆም እፈልጋለሁ። የእነሱን ሥራ አከብራለሁ፤ የእኔን ለማሳነስ ሲያመጡት ግን ያመኛል።

ሌላም የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ሽሮ ሜዳ ሂዱና ሸማኔውን ተመልከቱ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ሲወረውር «ቁጭ ካልክ አይቀር ልጁን ያዝልኝ» የሚለው አለ? የለም። ሥራ ላይ ነው ይባላል፤ ነውም። በሀገራችን ልማድ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ጥጡን የባዘተችው፣ በእንዝርት ያሾረችው፣ ልቃቂቱን የሞላችው እሷ ናት፤ ስትፈትል ግን ልጅ ትይዛለች፣ ወጥ ታማስላለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። ሸማኔው ራሱ ለዘመናት የተናቀ፣ ሥራው እንደ ስድብ የተቆጠረበት ሰው ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን የተናቀው ሸማኔ እንኳ ያገኘውን ያለመቋረጥ መብት የፈታይዋ ሴት አላገኘችም። እኛም አላገኘንም።

ክር ለመግዛት መርካቶ ድር ተራ መሄድም የራሱ እሮሮ አለው፤ አንዱን ልጅ አዝሎ፣ አንዱን እጁን ይዞ፣ ተሸካሚ «ዞር በሉ» እያለ ሲመጣ ወደ ግድግዳ እየተጣበቁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባው ክር ዋጋው አሻቅቧል። ለአንድ የልጅ ሹራብ ወደ 300 ግራም ክር ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ሙሉውን መግዛት ለብዙዎቻችን ይከብዳል። በትንሽ በትንሹ ሲገዛ ደግሞ ቀለሙ አይገጥምም። ፋብሪካ ክር የሚነክረው በዙር ነው፤ የአንዱ ዙር ቀይ ከሌላው ዙር ቀይ ትንሽ ይለያል። የዙሩ ቁጥር በጥቅሉ ወረቀት ላይ ይታተማል። ሱቅ ውስጥ ግን ወረቀቱ ተቀዶ ነው የሚጠብቀን። «ያው ቀይ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» ይላል ሻጩ። ፀሐይ ላይ ስታወጡት ገላው አንድ ቀይ፣ እጅጌው ሌላ ቀይ ነው። ነጋዴዎች ሆይ፣ እባካችሁ ያቺን ወረቀት አትቅደዷት።

ከሱቅ የሚገዛ ሹራብ፣ በተለይ ሰልባጁ፣ ከክሩ ይረክሳል። ይኼን ሰው ሁሉ ይነግረኛል። አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ሹራቡ ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ካልተገዛ አይለበስም፤ ቀለሙን አመሳስዬ ብሠራውም በሰልፍ ላይ ተለይቶ ይወጣል። ቤት ውስጥ እንዲለብሱት የሠራሁትን ስሰጣቸው ትንሹ አንገቱን ይጎትታል፣ ትልቋ ደግሞ ጓደኞቿ ያላቸውን፣ ስዕል ያለበትን ትፈልጋለች። ለብሳው የወጣች ዕለት ደግሞ የሆነ ቦታ ትታው ትመለሳለች። አጠባው ላይም እንዲሁ፦ የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ ከታጠበ ይኮማተራል፤ እርጥቡን በትከሻው ከሰቀሉት ደግሞ ተለጥጦ እጅጌው ጉልበት ይደርሳል። በፎጣ ጠቅልሎ ውሃውን መምጠጥ፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። ይኼን ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ገመድ ላይ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ።

አሁን ወደ ትዕዛዙ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የምማረርበት እሱ ነው። ሹራብ እንደምትሠሩ የታወቀ ዕለት ዘመድ ሁሉ ደንበኛ ይሆናል፤ የማይከፍል ደንበኛ። በተለይ ክርስትና ሲመጣ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ስለዚህ ስልኬ ሲጮህና «ወለደች!» ሲባል ከእንኳን ማርያም ማረችሽ ቀጥሎ ወንድ ነው ሴት የሚለውን መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድ ከሆነ ያለኝ ጊዜ 40 ቀን ነው፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን ከነገሩኝ። ብዙዎቹ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የሚያስታውሱኝ። «አንቺ እኮ እጅሽ የተባረከ ነው፤ ለልጄ ነጭ ሹራብ፣ ኮፍያና ካልሲ ጣል አድርጊለት። ለአንቺ ምን አላት!»

ለእኔ ምን አላት? ለእኔ ያላትን ከላይ ቆጠርኩላችሁ። የአራስ ነገር ትንሽ ነው ብለው ያቃልሉታል፤ ነገር ግን ክሩ ቀጭን ስለሆነ መርፌውም ይቀጥናል፣ ቀለበቱም ይበዛል። ነጭ ደግሞ በልጆች መካከል የሚሠራ ቀለም አይደለም፤ የሙዝ እጅ ነክቶት ከሆነ ሥራው ሁሉ መታጠብ አለበት። ክሩን ገዝቶ የሚያመጣ ከአሥር አንድ አይገኝም። የገንዘብ ነገር ከተነሣ «በእኛ መካከል?» ይባላል። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ሕፃን ላይ እምቢ ማለት ደግሞ ይባስ። እቀበላለሁ። ከዚያ ለገዛ ልጆቼ የጀመርኩት ቁም ሣጥን አናት ላይ ይሰነብታል። ትልቋ አንድ ቀን «እማዬ፣ የእኔን የምትሠሪው መቼ ነው?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ያዘዙኝ ሰዎች ያቺን ጥያቄ ቢሰሟት ኖሮ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ ለዘመዶቼ፣ ለጓደኞቼ፣ እንደኔ ያለች ሴት በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ላላችሁ ሁሉ የምለው ይኼን ነው። የአራስ ሹራብ ስትፈልጉ እርግዝናው ስድስት ወር ሲሆን ንገሩን፤ ወንድም ሴትም ቢሆን ነጭ ያው ነጭ ነው። ክሩን ከአንድ ዙር፣ ከነወረቀቱ፣ ሙሉውን ገዝታችሁ አምጡ። ለእጃችንም የሚገባውን ክፈሉ። መክፈል የማትችሉ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኑና ልጆቻችንን ወደ እናንተ ቤት ውሰዷቸው፤ አብሉልን፣ አጫውቱልን፣ ማታ መልሷቸው። ባሎቻችንም ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ስትነሣ ስልካችሁን አስቀምጡና «ነይ ወደዚህ፣ እኔ አሳይሻለሁ» በሏት።